በፀሐይ የሚሠራ የኩሬ አየር ማስገቢያ በትንሽ ወጪ፤ ጎጃም ውስጥ የሞከረ አለ?

ባለኩሬ_ጃቢ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነኝ። ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሰርግ ፕላስቲክ) የተነጠፈበት ኩሬ አለኝ፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ውኃው 1 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ውስጡ ያለው ቲላፒያ ነው። ጫጩት እያሉ ምንም ችግር አልነበረም። አሁን አድገው ክብደት ሲያነሱ፣ ንጋት ላይ ሁሉም ወደ ላይ ይወጡና አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ረፋድ ላይ ይተዉታል።

መብራት ከኩሬው ሩቅ ነው፤ ያለውም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ሶላር አሰብኩ። አንድ ነጋዴ 300 ዋት ፓነልና ውኃ ወደ ላይ የሚረጭ ፓምፕ አንድ ላይ አቅርቦልኛል። «ባትሪ የለውም፣ ጣጣ የለውም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትጠልቅ ያርፋል» ይላል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም? ብረትም ሽቦም እነካለሁ።

ሐይቅ_ዳር

ቆይ፣ ገንዘብህን ያዝ። ያ ፓምፕ የሚያርፈው ልክ ዓሣህ በሚቸገርበት ሰዓት ነው።

ውኃህን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን ቀን ኦክስጅን ያመርታል። ሲመሽ ማምረቱን ያቆምና እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ከታች ያለው ደለል፣ የተረፈው መኖና ፍግም ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ ኩሬው በኦክስጅን የሚጠግበው ከሰዓት በኋላ 9 እና 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ባዶ የሚሆነው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። አንተም ያየኸው ይህንኑ ነው።

ሌላው እኛን የሚመለከተው ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 1,800 ሜትር ላይ፣ ባሕር ዳር ማለት ነው፣ ወደ 6.6 ይወርዳል። ፍኖተ ሰላምም ከዚያ ብዙ አይለይም። በይነመረብ ላይ የምታገኙትን የፈረንጅ ስሌት አንድ አምስተኛ ቀንሳችሁ አንብቡት።

ቲላፒያ ጠንካራ ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ላይም ለጥቂት ሰዓት ነፍሱን ያቆያል። ነገር ግን ከ3 በታች እየደጋገመ ከወረደ መኖ ይጠላል፣ እድገቱ ይጎተታል። ሳይሞት ያከስርሃል።

የቆጋ_ገበሬ

እኔ ሜራዊ በኩል ነኝ። ሶላር የሚባል ነገር የለኝም፤ ዓሣዬ ግን ደኅና ነው። ከመስኖ ቦዩ የምትመጣዋን ውኃ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ አላስገባትም። መጀመሪያ ከፍ ብሎ በተሰቀለ የተበሳሳ ቆርቆሮ ላይ ትፈሳለች፣ ከዚያ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንከባለለች ትወርዳለች። ስትወርድ አየር ይዛ ትገባለች። ወጪው የቆርቆሮው ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ከፍ ካለ ቦታ የሚመጣ ወራጅ ውኃ ካለህ ስለ ባትሪ አታስብ።

ባለኩሬ_ጃቢ

አመሰግናለሁ። ምንጭ አለኝ፤ ግን ከጥር በኋላ ትደክማለች። ለአትክልቱም አትበቃም። ክረምት ላይ ያልከውን አደርጋለሁ። ለበጋው ግን ሌላ መላ ያስፈልገኛል።

ቮልቴጅ

ባሕር ዳር ሶላር እገጥማለሁ። ሐይቅ_ዳር ያለው ትክክል ነው። ወደ እኛ ሙያ ሲመጣ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ወጪህ ያለው ፓነሉ ላይ ሳይሆን ባትሪው ላይ ነው። ፓነል ረክሷል። ሌሊትን የሚያሻግር ባትሪ ግን አልረከሰም። 300 ዋት ፓነል ያለ ባትሪ ከመግዛት 150 ዋት ፓነል ከደኅና ባትሪ ጋር ይሻልሃል።

ስሌቱን እዚሁ ላስቀምጥ፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት። 25 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት የአየር ፓምፕ እንውሰድ። ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እንበል፤ 8 ሰዓት ነው። 25 በ8 ሲባዛ 200 ዋት ሰዓት።

ባትሪው የአሲድ ከሆነ ከግማሽ በላይ ባታወርደው ጥሩ ነው። ስለዚህ 400 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ለ12 ሲካፈል 33 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ ገበያ ላይ 40 ወይም 50 ያለውን ውሰድ። ሊቲየም ፎስፌት ከሆነ እስከ 80 በመቶ ድረስ ስለምትጠቀምበት 20 አካባቢ ይበቃል። እኔ 30 እላለሁ፤ ደመና ይመጣልና። ሊቲየሙ ሲገዙት ይወደዳል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው።

ፓነሉ፦ ባትሪው፣ ሽቦውና ኮንትሮለሩ (የባትሪውን መሙላት የሚቆጣጠረው) የሚያባክኑትን ስትደምር 200 ዋት ሰዓት ለማግኘት 280 ገደማ ማምረት አለብህ። ሐምሌ ውስጥ በደመናማ ቀን ከሙሉ ፀሐይ 3 ሰዓት የሚያህል ብታገኝ ነው። 280 ለ3 ሲካፈል 93 ዋት። 100 ዋት አፍንጫ ድረስ ይደርሳል፣ 150 ያስተነፍሳል። በጋ ላይ ትርፍ ይኖርሃል፤ ስልክ ቻርጅ አድርግበት።

አንድ ነገር አደራ፦ የመኪና ባትሪ እንዳትገዛ። እሱ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው። አንዴ ብዙ ጉልበት ይሰጥና ወዲያው መሞላት ይፈልጋል። በየሌሊቱ እያወረድክ ብታሠራው በወራት ውስጥ ያልቃል።

ደጋ_ሰው

ቮልቴጅ፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጠውን) ገዝቶ የቤት መብራት ፓምፕ ቢጠቀምስ? ባለ 220 ፓምፕ በየቦታው ነው ያለው።

ቮልቴጅ

ይሆናል፤ ግን አያዋጣም። ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል፣ ርካሹማ ባዶውን ተቀምጦም ይበላል። 25 ዋት ለምታህል ፓምፕ ያንን ሁሉ ኪሳራ መሸከም ትልቅ ባትሪ መግዛት ማለት ነው። በቀጥታ 12 ቮልት የሚሠራ ይፈለግ።

ሐይቅ_ዳር

ከ25 ዋት ፓምፕ ምን እንደምንጠብቅ እንነጋገር። ሰው አረፋ ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

50 ኪሎ ዓሣ አለህ እንበል። አንድ ኪሎ ቲላፒያ በሰዓት ከ0.2 እስከ 0.3 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። 50 ኪሎው በሰዓት ወደ 15 ግራም ቢወስድ ነው። ኩሬህ 100 ሜትር ኩብ ነው። ማታ ላይ በሊትር 7 ሚሊግራም ይዞ ቢገባ 700 ግራም ኦክስጅን አለው። ዓሣው ብቻ ቢሆን ኖሮ በ12 ሰዓት 180 ግራም ወስዶ ጠዋት ላይ ከ500 በላይ ይተርፍ ነበር። ታዲያ የት ገባ? አልጌውና ደለሉ ናቸው የጨረሱት። ወፍራም አረንጓዴ ውኃ ብቻውን ከዓሣህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበላል።

አሁን ወደ ፓምፑ። በደቂቃ 40 ሊትር አየር ቢነፋ፣ በእኛ ከፍታ በሰዓት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ያለበት አየር ያልፋል። ግን ጥልቀቱ 1 ሜትር ነው፤ አረፋው ወዲያው ወጥቶ ይፈነዳል። ውኃው ውስጥ የሚቀረው 3 ወይም 4 በመቶ ቢሆን ነው። በግምት ከ15 እስከ 20 ግራም በሰዓት።

ስለዚህ ይህ ፓምፕ ዓሣህን ይችላል፣ ኩሬህን አይችልም። ፍግ እየጨመርክ፣ መኖ እያስተረፍክ ፓምፕ ያድነኛል ካልክ 25 ዋት ሳይሆን 250 ዋትም አይበቃህም። ርካሽ ሲስተም የሚሠራው ጭነቱ ሲቀንስ ነው።

እትዬ_አምባዛ

ልጆቼ ደኅና ናችሁ? ይህ ሁሉ ሒሳብ ጥሩ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ባለኩሬ፣ ለመሆኑ ምን እያበላህ ነው? ስንት ጊዜ?

ባለኩሬ_ጃቢ

እትዬ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅዬ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። አንዳንዴ የጠላ አተላ ሲገኝ እጨምራለሁ። የከብት ፍግም በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ጥግ ላይ አስሬያለሁ።

እትዬ_አምባዛ

አገኘሁት። ፍጉን አውጣው። ፍግ የሚገባው ውኃው ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጫጩቶቹ አረንጓዴውን እንዲበሉ ነው። አንተ ፋጉሎ እየሰጠህ ፍግ ምን ያደርግልሃል? ክንድህን እስከ ክርንህ ድረስ ውኃው ውስጥ አስገባ። ክርንህ ውኃው ላይ ሳይደርስ መዳፍህ ከጠፋብህ ውኃው ወፍሯል።

የማታውንም መኖ ተው። ዓሣ በልቶ ሲያፈጭ ትንፋሹ ይጨምራል፤ የተረፈውም ሌሊቱን ሲበሰብስ ያድራል። ጠዋትም ቢሆን አፋቸውን እየከፈቱ ሳለ እንዳትሰጥ። ፀሐይዋ ከፍ ትበል፤ 4 ሰዓት ላይ ስጥ። ሌላውን 9 ሰዓት ላይ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። አተላውንስ ለበጎቹ ስጣቸው፣ ይወዱታል።

እኔ አምባዛ ነው የማረባው። አምባዛ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይስባል፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። ችግሩ ገበያው ነው። ቅርፊት የለውም ብሎ የሚጠየፈው ብዙ ነው። ሆቴሎቹ ጥብስ አድርገው ሲያቀርቡት ግን ሳይጠይቅ የሚበላውም ብዙ ነው።

የቆጋ_ገበሬ

😂 እትዬ እውነትዎን ነው።

ባለኩሬ_ጃቢ

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍጉን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። ክንዴን አስገብቼ አየሁ፤ መዳፌ ከክርን በፊት ይጠፋል፣ ያውም በደንብ።

ሐይቅ_ዳር

እንግዲያው ከታች ያለውን ውኃ አንድ አራተኛ ያህል ልቀቀውና በንጹሕ ተካው። የምትለቀውን አትክልትህ ላይ አፍስሰው፤ ማዳበሪያ ነው። ሁሉንም በአንዴ አትለውጥ፣ ዓሣው ይደነግጣል።

ሻምበል_ሜካኒክ

እኔ የምቃወመው አንድ ነገር አለ። ያለ ባትሪ የሚሠራውን ፓምፕ እንዲህ ማጣጣል ልክ አይደለም። ቀን ላይ ከላይ ያለው ውኃ ሞቆና በኦክስጅን ተሞልቶ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ከታች ያለው ቀዝቃዛና ባዶ ነው። ከመጠን በላይ የሞላው ኦክስጅን ወደ አየር ይሄዳል። ቀትር ላይ ብታማስለው ያ ኦክስጅን ወደ ታች ይወርዳል፣ ደለሉም ቀስ በቀስ ይጣራል። ሌሊቱን የሚጀምረው በሙሉ ኩሬ ነው ማለት ነው።

ሐይቅ_ዳር

ልክ ነህ፣ ይህን መዝለል አልነበረብንም። ጥልቀቱ 2 ሜትር ለሆነ ኩሬ የቀን ማማሰል ትልቅ ነገር ነው። 1 ሜትር ላይ ግን ነፋሱ ራሱ ብዙውን ያማስለዋል። ያው ፓምፕ ባትሪው ከሞላ በኋላ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ትርፍ ፀሐይ ነው። ለንጋቱ ግን ምትክ አይሆንም። በተለይ ነሐሴ ላይ ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ደመና ሲሆን አልጌው ቀንም አያመርትም። ዓሣ በብዛት የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው።

ባለኩሬ_ጃቢ

ገባኝ። አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ከፓምፑ ቀጥሎ ምን ምን ያስፈልገኛል? የአየር ድንጋይ (አየሩን ወደ ትናንሽ አረፋ የሚበትነው) ፈልጌ አጣሁ።

ቮልቴጅ

ፓነል፣ ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ታይመር፣ ፓምፕ፣ ጎማ። በቃ።

ኮንትሮለሩ ርካሹ ዓይነት (ፒ ደብሊው ኤም የሚባለው) ለዚህ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት ፓነል ግዛ፤ ለቤት ጣሪያ የሚሆነውን ትልቅ ቮልት ያለውን ፓነል በዚህ ኮንትሮለር ብታሠራው ግማሹ ጉልበት ይባክናል። ሊቲየም ከገዛህ ኮንትሮለሩ የሊቲየም ማስተካከያ ያለው መሆኑን አይተህ ግዛ። ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች ውስጣቸው ያለው ታይመር ለመንገድ መብራት የታሰበ ነው፤ ሲመሽ አብርተው ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ያጠፋሉ። የአንተ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ዲጂታል ታይመር ለብቻ ግዛ። ሰዓቱን በፈረንጅ እንደሚቆጥር አትርሳ፤ የሌሊቱ 5 ሰዓት እዚያ ላይ 23 ነው።

ፊውዙን ወደ ፓምፑ በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አስገባ፤ 5 አምፒር ይበቃል።

አሁን ገንዘብ የሚያድነው፦ ባትሪና ፓምፕ አንድ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ። ወደ ኩሬው የሚሄደው ሽቦ ሳይሆን የአየር ጎማ ይሁን። 20 ሜትር ርቀት በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብትወስድ 12 ቮልቱ 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ወፍራም ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። ጎማ ርካሽ ነው። ቀጭን ጎማ ግን አየሩን ያንቃል፤ ወፈር ያለውን ምረጥ።

ሻምበል_ሜካኒክ

የአየር ድንጋይ ካጣህ የፕላስቲክ ቱቦ በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳው። 1 ሜትር ቱቦ ላይ በርከት ያሉ ቀዳዳዎች ይሁኑ፣ ጫፉን ድፈነው። ዋናው ነገር ውኃ ልኩን ጠብቆ መቀመጡ ነው። አንዱ ጫፍ ከፍ ካለ አየሩ ሁሉ በዚያ ይወጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ከታች ድንጋይ እሰርበት፤ ግን ወለሉ ላይ አታስተኛው። ከወለሉ 20 ወይም 30 ሳንቲም ከፍ ይበል። አለዚያ ደለሉን ያነሳብሃል፣ ጂኦሜምብሬኑንም በድንጋይ እንዳትቀድደው። ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው።

ቀዳዳው በጊዜ ብዛት በአልጌ ይደፈናል። ፓምፑ ድምፁ ሲከብድ፣ ሰውነቱም ሲግል ቱቦውን አውጥተህ በብሩሽ ፈትገው።

ፓምፕ ስትገዛ ሳጥኑ ላይ ያለው የሊትር ቁጥር ጥልቀት በሌለበት የተለካ ነው። 1 ሜትር ውኃ 10 ኪሎ ፓስካል ይጫነዋል። የቤት ውስጥ ዓሣ ማሳደጊያ ፓምፖች እዚያ ላይ ትንፋሻቸው ያጥራል። ሱቁ ውስጥ ባልዲ ሳይሆን በርሜል ሙላልኝ በለው፤ ጎማውን እስከ ታች አስገብተህ አይተህ ክፈል።

ደጋ_ሰው

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ 2,400 ሜትር። ይህንኑ ብገጥም ቲላፒያ ይሆንልኛል?

ሐይቅ_ዳር

የአንተ ችግር ኦክስጅን ሳይሆን ብርድ ነው። ቲላፒያ ደስ የሚለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ውኃው ከ16 በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የማርቆስን ሌሊት አንተ ታውቀዋለህ። ይባስ ብሎ ሌሊት አየር ስትነፋ ቀዝቃዛውን አየር እያስገባህ ውኃውን ታቀዘቅዘዋለህ። የሚረጭ ፓምፕማ ከዚያም ይብሳል።

ለባለኩሬም ይህ ይሠራል። ብርድ በጠናበት ወር ታይመሩን ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት አምጣው። ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን ይበልጥ ይይዛል፣ ዓሣውም ትንፋሹ ይቀንሳል። 4 ሰዓት ይበቃል።

ለማርቆስ ኩሬውን በፕላስቲክ ሸፍኖ መሞከር ይቻላል፤ ግን ወጪውን ቁጭ ብለህ አስላ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄደህ ብትጠይቅ ለከፍታህ የሚሆነውን ይነግሩሃል።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ከመሐል ገባሁ። ውኃው እንዳይሞቅና ጥላ እንዲሆን ከጣና እምቦጭ አምጥቼ ኩሬዬ ላይ ብጥልበትስ? ውኃ ያጣራል ሲባል ሰምቻለሁ።

የቆጋ_ገበሬ

ኧረ በእግዚአብሔር! እኛ ከቦዩ እንዳይገባ ስንጸልይ አንተ በእጅህ ታመጣለህ?

ሐይቅ_ዳር

በፍጹም። እምቦጭ ውኃውን ሲሸፍን ብርሃን አያስገባም፣ አልጌው ኦክስጅን አያመርትም፣ ነፋሱም ውኃውን አያገኘውም። ሲሞት ደግሞ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። በዚያ ላይ በጎርፍ አንድ ቅንጣቢ ከኩሬህ ወጥታ ወንዝ ከገባች የጎረቤትህ ዕዳ ነህ። ጥላ ከፈለግክ የሸምበቆ ዳስ ሥራ።

ባለኩሬ_ጃቢ

ፍጉ ከወጣና ውኃው ከተቀየረ ወዲህ ንጋት ላይ ወደ ላይ የሚወጡት ቀንሰዋል። አልጠፉም ግን። መኖውንም እትዬ ባሉት ሰዓት እያደረግኩ ነው፣ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ 150 ዋት ፓነል፣ 50 አምፒር የአሲድ ባትሪ (ሊቲየሙ ከአቅሜ በላይ ሆነ)፣ 25 ዋት ፓምፕና ታይመር ለመግዛት ወስኛለሁ። የነጋዴውን 300 ዋት ትቼዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ፓነሉን ወዴት ላዙር? ሳጥኑንስ መሬት ላይ ባስቀምጠው ይሆናል?

ቮልቴጅ

ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል አድርገህ። በእኛ አገር ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለሆነች ዲግሪው ብዙ አያጨቃጭቅም፤ ዘንበል የምታደርገው ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ ነው። የዛፍ ጥላ ግን በፍጹም፤ አንድ ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ብታርፍበት ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል። ብሎኖቹን በየዳ አስይዛቸው። ሌባ ቁልፍ ይዞ ነው የሚመጣው።

የአሲድ ባትሪ ስለሆነ ሳጥኑን አትድፈነው፤ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። ላዩ ጥላ፣ ጎኑ የተበሳሳ ይሁን።

ሻምበል_ሜካኒክ

ሳጥኑ መሬት ላይ አይሆንም። ፓምፑ ከኩሬው የውኃ ወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አለዚያ ታይመሩ ሲያጠፋው ውኃው በጎማው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ከፍ ማድረግ ካልቻልክ ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገባ።

ባለኩሬ_ጃቢ

ኩሬው ዙሪያ ሜዳማ ስለሆነ ከፍታ የለኝም። ቼክ ቫልቩን ፓምፑ አጠገብ ነው ወይስ ውኃው አጠገብ የማስገባው?

ሻምበል_ሜካኒክ

ፓምፑ አጠገብ፣ ቀስቱ ወደ ኩሬው። መጀመሪያ በአፍህ ንፋው፤ በአንድ በኩል ብቻ ማለፍ አለበት። ሁለት ግዛ፣ ርካሽ ነው።